ሎርና ቀይ ያሰረችበት ማሞቂያ

ሎርና ትቬት አንድን ማሞቂያ ሞቷል ካለች ሞቷል። ከሞንታና እስከ ካናዳ ድንበር ማዶ፣ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በዚያ ብርድ ያለ ማሞቂያ አውቶቡስ ውስጥ መክረም ዘበት ነው። ማሞቂያዋ ዳቦ የምታክል የብረት ሳጥን ናት። ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር ትታሰርና ከናፍታው ጥቂት እየቀመሰች የሞተሩን ውኃ ታሞቃለች። ያ ውኃ ሌሊት ሰውን ያሞቃል፣ ጧት ሞተሩን ያስነሳል። የአዲሷ ዋጋ እሳት ስለሆነ ሰው አሮጌ ይፈልጋል። አሮጌ ደግሞ የሚገኘው የሎርና ዋርሳ፣ ዱዌይን ግቢ ነው።

ዱዌይን ትምህርት ቤቶች የጣሏቸውን አውቶቡሶች በጨረታ ይገዛል። ሎርና ከሥራቸው ገብታ ማሞቂያዎቹን ትፈታለች፣ ጥላሸታቸውን ትፍቃለች፣ መፈተሻ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር አገናኝታ ትለኩሳቸዋለች። ፓምፑ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ እሳቱ ሲይዝ ሳጥኑ ያጉረመርማል። ቱቦው በእጅ የማይያዝ ሲሆን ያ ማሞቂያ በሕይወት አለ ማለት ነው፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተለኩሶ እምቢ ያለውን ቀይ ቴፕ ታስርበትና ወለል ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀይ የታሰረበትን ማንም ደግሞ አይፈትሸውም። ተጠራቅሞ ለመለዋወጫ በጅምላ ይሸጣል። በዘጠኝ ዓመት ቀይዋ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ገዢዎች እንኳ "ለኩሺና አሳዪኝ" ማለቱን ትተዋል።

ባሏ ኦርቪል ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤታቸውም ለበሽታው ሕክምና ተሸጦ ሄደ። የቀራት አሥራ አራት ቁጥር ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የገበሬ ልጆች ያመላለሰችባት አውቶቡስ። ዱዌይን "የወንድሜ ሚስት ሜዳ ላይ አትወድቅም" ብሎ ግቢው ውስጥ አስቆማት። ክረምት ሲገባ ከጋራዡ ግድግዳ ብርቱካናማ የመብራት ገመድ ይጎትትና አውቶቡሷ ላይ ይሰካላታል። ገመዱ ላይ ያደረ ሞተር ይነሳል፣ ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ውስጡን ለማለት ያህል ታሞቃለች። ከገመዱ ከወጡ ግን ሌላ ነው። ያለ ናፍታ ማሞቂያ መንገድ ላይ ያደረ ሰው፣ ሞተሩም እሱም ጧት ላይ ድንጋይ ናቸው።

አምና ጥር ላይ መብራት ለሁለት ቀን ጠፋና የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ጠቆሩ። ሐኪሙ አተረፈላት፣ ግን እቅጩን ነገራት። "ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት ከደገምሽ እቆርጣቸዋለሁ" አላት። ልጇ ጄሪሊን ያለችው ኒው ሜክሲኮ፣ በረዶ ለወሬ በሚወርድበት አገር ነው። አጠገቧ አንድ አውቶቡስ የሚያቆም ቦታ ተገኝቷል፣ ባለቤቱም እስከ ኅዳር መጨረሻ ሊጠብቅላት ቃል ገብቷል። ሦስት ቀን መንገድ ነው። ሦስት ቀን መንገድ፣ ሁለት ሌሊት፣ አንድ ማሞቂያ።

እንግዲህ ሞኝ አይደለችም፣ ማሞቂያ በእጇ የሚያልፍ ሴት ለራሷ አንድ እንዴት ታጣለች ትሉ ይሆናል። አላጣችም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከአውቶቡሷ ሥር ለራሷ አስራ ነበር። በየዓመቱ ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት አንድ አውቶቡስ እየተንቀጠቀጠ ግቢው ይገባል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ዱዌይን ኮፍያውን አውልቆ በሯ ላይ ይቆማል።

"ሎርና፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። አንቺ እዚህ ቤትሽ ነሽ፣ ገመድ አለሽ። ያንቺን እንፍታላቸውና ላንቺ ነገ ሌላ እናገኛለን።"

ነገ ሁልጊዜ ሚያዝያ ነው፤ ጨረታ የሚከፈተው ያኔ ነው። ዱዌይን ክፉ ቢሆን ኖሮ በተገላገለች፤ ሰድባው ትሄድ ነበር። ደግ ነው እንጂ፣ መከራዋም ያ ነው። ምግቧን ይጠይቃል፣ በረዶዋን ይጠርጋል፣ እሷ ስትሄድ ያን ሁሉ ብረት ማን እንደሚለይለት ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ማሞቂያ ስትፈትሽ በመጀመሪያው ጠቅታ እሳት ያዘ። እንዲህ ያለ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ሎርና ቱቦውን በደህናው እጇ ይዛ ቆማ፣ ሳታስበው እንባዋ መጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ዱዌይን በሌለበት ግራ ቀኝ አየችና ቀዩን ቴፕ ቆርጣ አሰረችበት። ከሙታኑ መሃል ከተተችው። ሆዱ ላይ በምስማር ትንሽ መስቀል ጫረች፣ እንዳይጠፋት። ቀይን ማን ያያል? ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዱዌይን አጋዘን አደን ይሄዳል። ያን ቀን ከአውቶቡሷ ሥር አስራው፣ እሁድ ጧት መንገድ።

የዚያ ቅዳሜ ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት ጣቶቿን ለማሳየት ከተማ ሄደች። ስትመለስ የጋራዡ ወለል ተጠርጎ ነበር። ንጹሕ ሲሚንቶ።

"እዚህ የነበረው የት ሄደ?" አለች።

"ዌይላንድ ወሰደው" አለ ዱዌይን፣ የአደን ጫማውን በስብ እያሸ። ዌይላንድ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሳስካችዋን እየመጣ የሞቱትን በጅምላ የሚገዛ ሰው ነው። "አሥራ አንዱንም ጠራርጎ ጫነልኝ። ቦታ አገኘን፣ እሰይ ነው።"

"አላየሃቸውም?"

"ምናቸውን ነው የማየው? ቀይ ናቸው። አንቺ ቀይ ያሰርሽበትን እኔ ደግሜ ልመርምር? ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል።"

ሎርና ባልዲው ላይ ተቀመጠች። አንዱ ደህና ነበር ብትል፣ ከአንተ ደብቄው ነው ማለት ነው። ስልክ ደውላ መልስልኝ ብትለው ደግሞ ዌይላንድ ወሬውን ለመንደሩ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ የሎርና ቀይ ይዋሻል ይባላል። በዚህ ዓለም ላይ ያላት ነገር አሥራ አራት ቁጥርና ያ ቀይ ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ዝም ያለችውም ዘጠኝ ቀን ነው። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ በመጀመሪያው ቀን ደውላ ቢሆን ኖሮ ማሞቂያው ገና ከዌይላንድ መኪና ላይ አልወረደም ነበር።

በአሥረኛው ቀን ዌይላንድ ራሱ ደወለ። ሎርና እጇ ጓንት ውስጥ ስለሆነ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ዱዌይን በሩ ላይ ስንጥቅ ቱቦ እየጠቀለለ ነው።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ዌይላንድ እየሳቀ፣ "ከሙታኖችሽ አንዱ ተነሣ እኮ። ለመለዋወጫ ልበትነው ስል እስቲ ልለኩሰው አልኩ፣ በመጀመሪያው ጠቅታ ያዘ። አረጀሽ መሰለኝ።"

"ቀልድህን ተው" አለ ዱዌይን ከበሩ፣ ፊቱ ቀልቶ። "ሎርና አትሳሳትም። የተሳሳትከው አንተ ነህ፣ ከሌላ ቦታ የገዛኸው ይሆናል።"

"ቀይ ቴፕ ነበረበት ስልህ። ሆዱ ላይም መስቀል ተጭሮበት ነበር።"

"እንግዲያው ከሷ እጅ አይደለም። እሷ መስቀል አትጭርም። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፣ ስሟን እንዲህ አታጥፋ።"

ሎርና ዋርሳዋን አየችው። በሕይወቷ እንዲህ የቆመላት ሰው የለም። ዝም ብትል ስሟ ተርፎ ነበር፣ ግን መሸሸጉን ከዚያ በላይ አልቻለችም።

"አልተሳሳትኩም" አለች። "ደህና መሆኑን እያወቅሁ ነው ያሰርኩበት። የት ነው ያለው አሁን?"

ስልኩ ውስጥ ሳቁ ቆመ። "ሸጥኩት እኮ። ሁለት ጎረምሶች አውቶቡሳቸው ላይ አስረውት ሄዱ። ይኼኔ አላስካ ናቸው።" ከዚያ፣ "እያወቅሽ ለምን ታስሪበታለሽ? ከማን ልትደብቂው?"

ሎርና በጓንቷ ስልኩን ዘጋችው። ዱዌይን ቱቦውን መጠቅለል ትቷል።

"ከኔ?" አለ።

"ካንተ።"

"ልሄድ ነው ብትዪኝ እኔ እከለክልሽ ነበር?"

"ሦስት ዓመት ነገርኩህ፣ ዱዌይን። አንድ ቀን አልከለከልከኝም። ሰው ብቻ ይመጣል።"

ዱዌይን ቱቦውን መስቀያው ላይ ሰቀለና ወጣ። መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ሚያዝያም ሩቅ ነው። ሎርና ለጄሪሊን ደውላ ቦታውን ለሌላ ይስጡት አለቻት። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ውጭ ነፋሱ ከሰሜን ዞሯል፤ ዛሬ ከዜሮ በታች ሃያ ይገባል ተብሏል። ወደ አውቶቡሷ ስትሄድ ዱዌይንን በረዶው ላይ ተንበርክኮ አገኘችው። ብርቱካናማውን ገመድ ሰክቶላታል፤ አዲስ ነው፣ ወፍራም፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከጄኔሬተሩ እንዲያገኝ አድርጎ ነው የዘረጋው። ጓንቱን አውልቆ መሰኪያውን በባዶ እጁ በፕላስቲክ ይጠቀልላል።

"ዘንድሮ ጣትሽ አይነካም" አለ ቀና ሳይል። "ጄኔሬተሩን እኔ ራሴ እጠብቃለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ ከልቧ።

ገብታ በሩን ዘጋች። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው፣ ከመከላከያው ሥር እስከ ጋራዡ ግድግዳ። አርባ እርምጃ ነው። የድሮውም አርባ ነበር።