ከጎበዜ ወዲያ

ከቤቴ የወጣሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። ማኪናው ደባርቅን በማለዳ ስለሚያልፍ፣ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ ጥቂት ዓመት ሆኖ ነበር። እህቴ ትሁን በጨለማ ስንቄን እየቋጠረች «ጎንደር ውሃውንም ይሸጡታል አሉ፤ እስክትጠግብ ጠጥተህ ሂድ» አለችኝ። እኔም ሞኙ ጠጣሁ። ከገብሱ ጭነት ላይ ተቀምጬ ዳባት እስክንደርስ ሾፌሩን ደጋግሜ አስቆምኩት። በመጨረሻ አንገቱን አውጥቶ «አንተ ሰው፣ ማኪናውን የያዝከው ጎንደር ልትደርስ ነው ወይስ መንገዱን ልታጠጣ?» አለኝ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ጎንደር ምን ይመስላል ትላላችሁ። ለእኛ ለደገኞቹ ሙቅ ነው፤ ከዛሪማ ቆላ የመጣው ደግሞ ብርድ ገደለኝ ብሎ ጋቢ ይደርባል። ፉርኖ የሚሉት ዳቦ አለ፤ ከላይ ሸጋ ነው፣ ስትገምጠው ግን ነፋስ ነው፤ የእኛን የገብስ ዳቦ አንድ ቁራሽ የበላ ሰው እስከ ማታ ሥራውን ይሠራል። በመንገድ ላይ ለማታውቀው ሰው «እንደምን አደርክ» ካልከው ይደነግጥና ቦርሳውን ያጠብቃል። ይኼንን እስክለምድ ከተማውን በሙሉ ሳስደነግጥ ከረምኩ።

ሥራ ያገኘሁት ከሞተር ወፍጮ ቤት ነው። ፊደል እምብዛም ስላልቆጠርኩ የምሠራው በልቤ ነበር። ይኼ ስልቻ የማን እንደሆነ፣ ጤፍ ይሁን ዳጉሳ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደመጣ፣ ሁሉን ይዤ እውላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም። ሴቶቹም «አያ ውበቱ ካሉ መሰለፍ ምን ያደርጋል» እያሉ ስልቻቸውን ጥለው ገበያ ይሄዱ ነበር።

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሬ፣ አንድ ክረምት ያ ክፉ ጉንፋን ከተማውን ያዘው። ሰው ሁሉ ሳለ፤ እኔም ሳልሁ፣ ነደድሁ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እሜት ጥሩነሽ አጥሚት እያጠጡ አተረፉኝ። ሳሉ ለቀቀኝ፣ ጉልበቴም ተመለሰ። ልቤ ግን አልተመለሰም። የማውቀው ሁሉ ዱቄት የቦነነበት መሰለ፤ አለ፣ ግን አይታየኝም። ጤፍ ላመጣችው ዳጉሳ፣ ዳጉሳ ላመጣችው ሽንብራ እሰጥ ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ በር ከፈትኩ፣ ጋቢዬን ሰቀልኩ፣ አረፍ አልኩ። የጎረቤቴ ሚስት እንግዳ መጣ ብላ እራት በምስር ወጥ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። አመስግኜ ስነሳ ነው ቤቱ የኔ እንዳልሆነ የገባኝ።

እሜት ጥሩነሽ በማግስቱ ግቢው መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

«አያ ውበቱ፣ ያከራየሁህ አንድ ክፍል ነው። አንተ ግን ግቢውን በሙሉ ይዘኸዋል።»

«ይቅርታ እሜት፣ በሩ ተመሳሰለብኝ።»

«በሩስ ይመሳሰል። ምስር ወጡስ ያንተ ነኝ ብሎህ ነው?»

ከዚያ ሐኪም ቤት ሰደዱኝ። አንድ ወጣት ድሬሰር አስቀመጠኝና «የት ያምዎታል?» አለኝ። «የትም» አልኩ። «ታዲያ ምን ሊሆኑ መጡ?» «እሱን ከቤት ስነሳ አውቀው ነበር።» ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ትክ ብሎ አየኝ። ጉንፋን ይዞዎት ነበር ወይ አለኝ። ከእንዲህ ያለው ጉንፋን ከተነሡት ብዙዎቹ ይኼንኑ እንደሚሉት ነገረኝ። «ይተኙ፣ ይብሉ፣ ራስዎን አያስጨንቁ። አንዱን ቶሎ ይለቀዋል፣ አንዱን ቆይቶ።» «እኔን መቼ ነው?» ብለው፣ «እሱን ባውቅ እዚህ አልቀመጥም» አለ።

በዚሁ መካከል ነው ከአገር ቤት መልእክት የመጣብኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለችውን የገብስ ማሳ የአባቴ አጎት የልጅ ልጅ ዋሴ ብቻውን ይዟታል፤ ሽማግሌዎች ሊያዩት ነውና ድርሻ አለኝ የሚል መጥቶ አባቶቹን ይቁጠር ተባለ። የርስታችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ከራስህ ጀምረህ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ስም በስም ካልቆጠርክ፣ ድርሻ የለህም። እኔ ደግሞ ስደቴን ሁሉ የቻልኩት በዚያች ማሳ ነበር፤ ሳረጅ ጎጆ የምቀልስባት እሷ ናት። እሷን ካጣሁ አገሬ የምለው ለወሬ ብቻ ነው። ሕፃን ሆኜ አባቴ ከብት ስናስገባ ያስቆጠረኝን ስም ግን፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ብቆጥረው ብቆጥረው መንገድ ላይ ይጠፋብኛል።

ቢሆንም ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዋናው አያ ክንፌ ናቸው። ከጎን ሹክ የሚል እንዳይኖር ዘመድ ሁሉ እንዲርቅ ተደረገ። ባለይዞታው ይቅደም ተባለና ዋሴ ተነሣ። ሲቆጥር ብታዩት! ሳይተነፍስ፣ ከአባቱ እስከ አቅኚው፣ እንደ ዳዊት ወረደው። አፍ አፉን እያየሁ ለመያዝ ሞከርኩ። ከአፉ ሲወጣ እሰማለሁ፤ ወዲያው የለም።

ተራዬ ደረሰ። «ውበቱ የረታ ልጅ፤ ረታ የወልዴ ልጅ፤ ወልዴ የጎበዜ ልጅ፤ ጎበዜ...»

ወይራውን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ። እህቴ ትሁን ራቅ ብላ ቆማ ነጠላዋን ትነክሳለች።

«ተው አትቸኩል» አሉኝ አያ ክንፌ።

«አልቸኮልኩም፣ አባቴ። ስማቸው ነው የቆየብኝ።»

ዋሴ መታገሥ አቃተው። ብድግ አለ። «ቀጥል እንጂ! ከጎበዜ አልፈህ ቁጠር! የጎበዜ ልጅ መሆንህንማ ማን ካደህ?»

አያ ክንፌ ቀና አሉ። «ዋሴ፣ ምን አልክ?»

«ከጎበዜ ይለፍ ነው ያልኩት።»

«አንተ በማን በኩል ነው የቆጠርክልን?»

«በ... በጎበዜ።»

«እንግዲያ ጎበዜን የወለደውን አንተው ቆጥረህልናል። ለአንተ ሲሆን አንድ አባት፣ ለእሱ ሲሆን ሌላ አባት ይወልደዋል?»

ወይራው ሥር ሳቅ ሆነ። ዋሴም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ማሳዋ ለሁለት ተከፈለች። ማታ ትሁን ቤት አብረን ጠላ ስንጠጣ «አያ ውበቱ፣ ምላሴ ነው የፈረደብኝ» አለኝ። ድርሻዬን ምርቱን እኩል እየተካፈልን እንዲያርሳት ለእሱው ሰጠኋትና ጎንደር ተመለስኩ፤ ወፍጮው ይጠብቀኝ ነበርና።

ይኼው ዓመታት አለፉ። ስልቻ በልቤ መያዝ ተመልሶልኛል፤ ቀስ ብዬ ነው፣ ግን አልሳሳትም። የራሴን በርም አውቀዋለሁ። ከጎበዜ ወዲያ ያለው ግን እስካሁን አልመጣም። ባለፈው ሰሞን ስልክ ቤት ሄጄ ደባርቅን አስጠራሁ፤ ዋሴ ለገበያ እንደሚወጣ አውቄ ነው። ስንጮህ ሳይሰማን የቀረ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም።

«ዋሴ! ጎበዜን የወለደው ማን ነበር?»

«ዛሬም ረሳኸው?»

«ረሳሁት።»

«አልነግርህም!»

«ምነው?»

«በስልክ ከነገርኩህ እዚያው ትቀራለሃ! መስከረም ሲጠባ ና፤ ገብሱ መሃል ቆመን እነግርሃለሁ። ጎጆህንስ መቼ ልትሠራት ነው?»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት። መልስ የለም። «ዋሴ!» አልኩ። የስልክ ቤቷ ልጅ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና መስመሩ ተቋርጧል አለችኝ፤ እመጣለሁ ያልኩትን ይስማ አይስማ አላውቅም።