ከፋሲካ በኋላ ያለው ረቡዕ

ጾም ላይ ሰነፍ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እጀምርና ሳምንት ሳይሞላኝ ማኪያቶ ይዤ እገኛለሁ። አምና ግን የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን እስከ ማታ ውሃ አልቀምስም ብላ ስትጾም እናቷ ኩራቷን የምታደርግበት አጣች። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙን ሴቶች «እዚህ ፈረንጅ አገር ተወልዳ እንዲህ የምትጾመው ምን አብልታችሁ ብታሳድጓት ነው?» ይሉን ነበር። ከስታለች፤ ጾሙ ነው አልን።

የፋሲካ ዕለት ዶሮውን በታትና ሳህኑ ላይ ስታንከራትተው ዋለች። «ሆዴ አልለመደውም» አለች። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ማን አያምንም?

ረቡዕ ባለቤቴ የተረፈውን ወጥ አሙቃ አቀረበች። ልጄ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«ማሚ፣ ቱዴይ ረቡዕ ነው። ጾም ነኝ።»

የባለቤቴ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ልጅቷን ያስተማረቻት እሷ ናት።

«ሃምሳው እኮ ነው፣ የኔ እናት» አለች ቀስ ብላ።

ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። «አይ ካንት፣ ማሚ። መብላት እፈራለሁ።»

እኔ ቱግ አልኩ። «ብዪ ብያለሁ!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ ደንግጣ ተነሣችና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ክው አልኩ። አፈፍ አድርጌ አቅፌያት ወደ ሊፍቱ ሮጥኩ። ዳንፎርዝ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ተሸክሜ የማመጣው የጤፍ ከረጢት እንኳ ከሷ ይከብደኛል። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ።

ሆስፒታል ሐኪሟ የልጄ ልብ በጣም ዝግ ብሎ እንደሚመታ፣ ለጊዜው ወደ ቤት እንደማትመለስ ነገረችን። ቅብጠት ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኩ፤ ቂል አባት።

«በሽታ ነው» አለችኝ። «እርስዎ ገደል አፋፍ ቢቆሙ እንደሚፈሩት፣ እሷ ምግብ ስታይ ትፈራለች።»

አጥቶ በረሃብ የሞተ ሰው አውቃለሁ። ምግብ ፊቱ ቀርቦለት የሚሞት ግን ሰምቼ አላውቅም። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ የልቧን ምት የሚያሳየውን ስክሪን ስጠብቅ ከረምኩ፤ ዓይኔን ካነሳሁ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስትመለስ በየምግቡ ሰዓት አንዳችን አብረናት እንድንበላ ታዘዝን። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባ፤ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም። የንስሐ አባታችን «ጾም ለጤነኛ ነው፤ ትብላ» አሉ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንቁላል ጠብሼ ከፊቷ ተቀመጥኩና መብላት ጀመርኩ። ሹካዋን አልነካችም።

«ዳዲ፣ አንተ ሁልጊዜ ትበላለህ። አይቆጠርም።»

ወደ እናቷ ዞረች። ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍልሰታን አፍርሳ አታውቅም። ሥዕለ ማርያሟን አየች፣ ልጇን አየች። አማተበችና ከልጇ ሳህን ላይ ቆርሳ ጎረሰች።

ልጄ እናቷ እስክትውጥ ጠበቀች። ከዚያ ሹካዋን አነሳች። እኔ አፏን አያለሁ።