ማንም አልሞተም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የታዘዝኩት ቫይታል ሳይን እንድለካ ነበር። የዎርዱ ኃላፊ ሲስተር ብርሃኔ ቴርሞሜትሩንና የደም ግፊት መለኪያውን አስረከበችኝና «ቁጥሩን ጻፊ፣ ወሬ አታብዢ» አለችኝ። እኔም ቁጥር ልጽፍ ነበር የተነሳሁት።

ከምሳ በፊት ከሀቢቾ የመጣ አንድ ጎልማሳ አረፈ። ዶክተሩ ለሆሳዕና ከተማ እንግዳ የሆነ ወጣት ነበር። አባትየውን ኮሪደር ላይ አገኛቸውና በአማርኛ «የምንችለውን ሁሉ አድርገናል፣ አዝናለሁ» አላቸው። ሽማግሌው አማርኛቸው ብዙ አልነበረም። ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑና ልጃቸውን መቼ ይዘው ወደ ቤት መግባት እንደሚችሉ ጠየቁ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ሀዲይኛ ትችያለሽ አይደል? እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። አስቀመጥኳቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፣ ስለ ልጃቸው ልጅነት ጠየቅኳቸው፣ ቀስ እያልኩ እዚያው ደረስኩ። አልቅሰው ሲወጣላቸው ራሴን ዳብሰው መረቁኝ። ሲስተር ብርሃኔ ለካ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «አፍሽ ለዚህ ነው የተፈጠረው» አለች። ምርቃት ይሁን እርግማን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ በየዎርዱ ሰው ባረፈ ቁጥር «አስቴርን ጥሯት» ሆነ። ልጅነቴን ዳምቦያ እህቴ ጋ ስላሳለፍኩ ከምባትኛም እችላለሁ፤ ማምለጫ አልነበረኝም። የሥራ መዘርዝሬን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መርዶ የሚል ነገር የለበትም።

ነገሩ ከሆስፒታሉ ግቢ የወጣው በሰፈራችን እድር በኩል ነው። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ኤርጃቦ አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጡ። ደቡብ አፍሪካ የነበረ የአንዲት እናት ልጅ ሞቶ ኖሯል። «እናቲቱ ግፊት አለባት፤ አንቺ አብረሽን ካለሽ አንሰጋም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሄድኩ። እናቲቱ ራሷን ስታ ወደቀች፣ አነሳናት፣ ተረፈች። እድሩም ደስ ብሎት የራሴ የሆነ የግፊት መለኪያ ከነቦርሳው ገዛልኝ። ሽልማት መስሎኝ ነበር።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ሰምቶ አፉን ይዞ ያድርና ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይገባል። የቤቱ ባለቤት ደንግጣ «ምነው በጠዋቱ?» ስትል «ደህና ነው፣ ማንም ምንም አልሆነም» ይባላል። ይህን የምንላት እስክትቀመጥ ድረስ ብቻ ነው። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ከስሜ አስበልጬ ተለማመድኩት።

ልጆቻቸውን ደቡብ አፍሪካ የላኩ እናቶች በሰፈራችን ብዙ ናቸው። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በየበሩ ቆመው በየት በኩል እንደምታጠፍ ያያሉ። አንዷ «ሲስተር፣ በእኛ በኩል አትለፊብን» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ዳቦውን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ፤ ኋላ የጫማ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት።

እንዲህ ያለ ነገር እየበዛ መጣ። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው እጨምራለሁ። መንገድ መሀል ቆሜ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር አስባለሁ። የገዛ አጎቴ ሲሞት ዓይኔ አልረጠበም፤ በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ከማላውቃት ሴት አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስልኬን ሳጠፋ በሩን ያንኳኳሉ። «ዛሬ እንኳ ልቅር» ስል አቶ ኤርጃቦ «ሰው ሞቶ?» ይላሉ። ቦርሳዬን አንስቼ እከተላቸዋለሁ።

በአእምሮ ጤና ክፍል የሚሠራው ደሳለኝ ሻይ ላይ «እነሱ ሲያለቅሱ አንቺ ምን ትሆኛለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ግፊት እለካለሁ» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና «ፈቃድ ውጪ» አለኝ።

ፈቃድ ወጣሁ። ከእህቴ ከታደለች ቤት ሌላ ማረፊያ የለኝም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ማለዳ ዳምቦያ ደረስኩና ያንኑ የእድሩን ቦርሳ እንዳንጠለጠልኩ በሩን ገፋሁት። የግፊት መለኪያው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ነው።

ታደለች ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ እኔን አየች፤ ቦርሳውን አየች፤ የመርዶ ነጋሪነቴ ወሬ ዳምቦያም ደርሶ ነበር። «ናቲ! ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። ናትናኤል ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚሠራ አንድ ልጇ ነው።

«ኧረ ታደለች፣ ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እሪታዋ ባሰበት። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግቢውን ሞላው። «ላርፍ ነው የመጣሁት! ፈቃድ ወጥቼ ነው!» አልኩ። አንድ አዛውንት እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ሥርዓቱን እናውቃለን። ቀስ ብለሽ ንገሪን» አሉኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ማን ይመነኝ? የታደለች ልብ ሲመታ አስፈራኝና ግፊቷን ልለካ መሣሪያውን አወጣሁ። ያን ጊዜ ተጠራጥረው የቆሙትም እሪ አሉ።

ናቲ ጋ ደወልን፤ አያነሳም። ደጋግመን ደወልን፤ አያነሳም። እውነቱን ለመናገር እኔም ማመን ጀመርኩ። ሰምቼ ረስቼው ይሆን? አቶ ኤርጃቦ ነግረውኝ ይሆን? የራሴን ጭንቅላት ማመን አቃተኝ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በኋላ ራሱ ደወለ። «ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር እኮ፤ ምን ሆናችሁ?» አለ። ታደለች ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ሰደበችው፣ መረቀችው፣ እንደገና ሰደበችው። ጎረቤትም ነጠላውን እያስተካከለ፣ ከፊሉ እየሳቀ ከፊሉ እያጉረመረመ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። «አስቱ፣ እወድሻለሁ። ግን እንዲህ ሆነሽ አትምጪብኝ። አንቺን ሳይ ልጄ የሞተ ይመስለኛል። አልችልም» አለችኝ።

አመመኝ፤ አልዋሽም። ግን አልተቀየምኳትም። ሰው «አልችልም» ሲባል ሳይቀየም ሊቀር እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

ሆሳዕና ተመልሼ፣ አቶ ኤርጃቦ ቤቴ ሲመጡ ቦርሳውን አስረከብኳቸው። «ሆስፒታል ውስጥ፣ ተረኛ ስሆን እናገራለሁ። ሰው ቤት ግን ከእንግዲህ አልሄድም» አልኳቸው።

«ተቀየምሽን?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ደከመኝ፤ አልችልም።»

«ሞት እኮ ፈቃድ አይወጣም፣ ሲስተር።»

«እኔ ግን እወጣለሁ። ሁለት ሰው ምረጡ፤ እንዴት እንደሚነገር አሳያቸዋለሁ» አልኩ። ቦርሳውን እያገላበጡ ሄዱ። እኔም አጥፍቼ ይሁን አልምቼ ሳላውቅ በሩን ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ የአጥር ጎረቤቴ የወይዘሮ ዘነበች ባል ለሕክምና አዲስ አበባ እንደሄዱ እዚያው አረፉ። አቶ ኤርጃቦ መጡ። «ይህችንስ? ጎረቤትሽ አይደለች?» አሉ። አልሄድም አልኩ። በማለዳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሰዎቹ ገና እንደገቡ ጩኸቷ ሲወጣ ሳያስቀምጧት እንደነገሯት ገባኝ። ተነስቼ የበሩን መቀርቀሪያ ያዝኩ፤ ለቀቅኩት፤ እንደገና ያዝኩት። ክፉ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ሲገባ ነጠላዬን ለብሼ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ዘነበች አየችኝ፤ አልደነገጠችም፣ እጇን ዘረጋችልኝ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ለባሏ፣ ለአጎቴ፣ ምናልባትም ለዚያ ለሀቢቾው ጎልማሳ፤ አልለየሁትም። ሴቶቹ «በቃሽ፣ በቃሽ» እያሉ እኔን ያባብሉ ጀመር።

ዳምቦያ እንደገና ስሄድ አስቀድሜ ደወልኩ፣ የሄድኩትም ከሰዓት በኋላ ነው። ታደለች በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» አለች።

«ባዶ እጄን ነኝ።»

«ጎሽ! ግቢ» አለችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ዛሬም መርዶ እናገራለሁ። አዲስ ለሚመጡ ነርሶች የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ የሥራ ዕቃችሁን ቤታችሁ አታሳድሩ።