ትንፍሽ የማትለው ልጅ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፌርፋክስ

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ከማራኪ ጋር ወደ ዌስትውድ ሄድን። ማራኪ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ሰብለ፣ እህቴ፣ ከሞተች አራት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ትንፍሽ አትልም።

የሄድነው ለጥናት ነው። ዌስትውድ ቢሮ ያላቸው ተመራማሪዎች፣ በሰው ቤት የሚውሉ ሕፃናት እንዴት እንደሚያድጉ ያጠናሉ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በቤታቸው ስድስት ልጆች ያውላሉ፤ ማራኪም እሳቸው ጋ ነው የምትውለው። "ምናልባት እነሱ ያናግሯታል" ብለው አስመዘገቧት።

እትዬ በር ድረስ ሸኙን። "እሺ፣ ፎርሙን ሳይን አድርገሃል አይደል?"

"አድርጌያለሁ።"

"አንብበኸዋል?"

"ግማሹን።"

"ስምህንም ግማሹን ብቻ በጻፍክላቸው ነበር።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መርዶውንስ ነገርካት?"

"ገና ልጅ ናት፣ እትዬ። ሥራ ሄዳለች ነው የምላት።"

ማር የተቀባ ዳቦ በፌስታል ሰጡኝ።

የሚያስፈራኝ ያነበብኩት ግማሽ ነው። "የልጁን ደህንነት የሚያሰጋ ነገር ካየን ለሚመለከተው ክፍል እናሳውቃለን" ይላል። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፤ የተማርኩት እስከ ሃይስኩል ነው። የማትናገር ልጅ ይዤ ስገባ ምን ይሉኛል? ቢወስዷትስ?

አውቶቡስ ላይ

እስከ ዊልሸር በአንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ በሌላ። እኔ አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ከፈልኩ፤ እሷ በነፃ ገባች።

"መስኮቱ ጋ ትቀመጫለሽ?" አልኳት።

ትንፋሿን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳበች። ሲቃ ነው አልኩ በልቤ። ከለቅሶው ወዲህ እንዲህ ታደርጋለች። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት።

ቤቨርሊ ሂልስን አልፈን ሕንፃዎቹ ሲረዝሙ የማራኪን እጅ ያዝኩ። ዌስትውድ ስንወርድ እግረኛ መንገዱ ላይ ሐምራዊ አበባ ረግፎ ነበር። ማራኪ አንዱንም ላለመርገጥ እየዘለለች ሄደች። እንዳታቆም ፈለግሁ፤ እንዳንደርስ።

ዌስትውድ

አንዲት ተመራማሪ ማራኪን ይዛ ገባች። እኔ ከመስታወት ጀርባ ተቀመጥኩ። ሥዕል እያሳየች በእንግሊዝኛ ትጠይቃታለች። ድመቷ አልጋ ላይ ናት? ኳሱ ቀይ ነው? ማራኪ አትመልስም። ሴትዮዋ ትጽፋለች። ብዕሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወደ መስታወቱ እጠጋለሁ።

ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ክፉ አልነበረም፤ እሱም አስፈራኝ።

"ትንፋሽ ያጥራታል? ወይስ ቤት ውስጥ የሚያስደነግጣት ነገር አለ?"

ወረቀቷን ገለጥ አደረገች።

"አሳዳጊዋ አንተ ነህ?"

ትንፋሼን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። "አንተም?"

ያኔ ገባኝ። ከአፌ የወጣው የእህቴ ድምፅ ነው። ሰብለ ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነበር የምታወራው። ሁላችንም ስለምናደርገው አንሰማውም።

"አዎ ማለት ነው" አልኳት። "ባገራችን አዎ ስንል እንዲህ ነው። ልጅቷ... መልሳለች።"

በካሜራ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከመጀመሪያው ከፈተችው። ድመቷ አልጋ ላይ ናት? ትንፋሽ። ኳሱ ቀይ ነው? ኳሱ ሰማያዊ ነበር፤ ትንፋሽ የለም። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ሄድን። ሴትዮዋ የጻፈችውን እየሰረዘች ሳቀች። "ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም አግኝታለች።"

የሳተቻት ሥዕል ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት በር ትዘጋለች። ጥያቄው፣ "እናት ከሥራ ትመለሳለች?" የሚል ነው። ማራኪ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ደረቷ አልተነሣም።

"ችግር የለውም፣ ብዙ ልጆች ይስታሉ" አለች ሴትዮዋ።

አልሳተችም ማለት ነበረብኝ። ግን አልቻልኩም።

ቤት

ስንመለስ አበባውን እኔም ሳልረግጥ ሄድኩ። እንዳይወስዷት ነበር ስፈራ የዋልኩት። አሁን የምፈራው ሌላ ነው፤ አራት ወር ሙሉ ስዋሻት እያወቀች ዝም ብላኝ እንደነበር።

መርዶ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኛ ጋ ዘመድ የለም፤ ቀኑም መሽቷል። እትዬን ጠራኋቸው። ነጠላቸውን ለብሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማራኪ ፊት ተንበረከክሁ።

"እማዬ ሥራ አልሄደችም" አልኳት። "ሞታለች። ታውቂ ነበር?"

ትንፋሿን ሳበች።