ሳይበላ የተጠየቀው እንግዳ

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ እሑድ፣ ከጧቱ በአራት ሰዓት ነበር። ማንኩሳ አጠገብ ባለው ቤታቸው የአጎቴን ተዝካር ስናወጣ፣ አንድ ጠና ያለ ሰው ወይፈን እየነዳ መጥቶ ከዳሱ ደጃፍ ቆመ።

አጎቴ እንግዳ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ስሙንም አገሩንም አይጠይቁም ነበር። «የራበውን ሰው ማነህ ካላችሁት፣ የሚያስበላውን መልስ ይፈልጋል» ይሉን ነበር።

እኔ ግን በሟች ላይ ይገባኛል የሚል ሰው ተዝካር ጠብቆ እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ሰውየውን በቆመበት ያዝሁት።

«ማን ልበል? የማን ወገን ነዎት? የሚጠይቁት ካለ ምስክር ይዘዋል?»

«የምጠይቅስ የለኝም ጋሼ፤ ከቡሬ ነው የመጣሁ። አባቴ በሞተ ዓመት በሬያችንም ሞቶ መሬቱ ጦም ሊያድር ሲል፣ እርሳቸው የራሳቸውን በሬ ሰጡኝ። ‹ሲደላህ ትመልሳለህ› አሉኝ። ይኸው ደላኝ፤ እርሳቸው ግን አልቆዩኝም።»

ወይፈኑን ከደጁ ግራር ላይ አሰረ። እባክዎ ይግቡ ብዬ ብለምነው፣ «እርሳቸው ቢኖሩ ይህን ጊዜ በልቼ ነበር» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

የአጎቴ ልጅ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «እንግዲህ ጋሼ፣ ደጃችን ላይ ችሎት ዘረጉ» አለችኝ። አጎቴ እንግዳ ይቀበሉበት የነበረው የበሩ መደብ ባዶውን ነበር፤ የምሸሸግበትም አጣሁ።

ቡሬ ድረስ ሄጄ በገበያው ፈለግሁት። ስሙን ሳይነግረኝ ስለ ሄደ፣ እገሌን አያችሁ ወይ ማለት አልቻልሁም። እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።