በእምነት የታረቅን ጊዜ

እኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። የጸለይንበትን ነገር ገና ሳይሆን እንደ ሆነ ቆጥረን በጉባኤ ፊት እናመሰግናለን። «በእምነት» እንለዋለን። ቪዛው ያልመጣለት «ቪዛ ስለሰጠኝ» ይላል፤ እጮኛ እንኳ የሌላት ስለ ባሏ መልካምነት ትመሰክራለች። ማንም አይስቅም።

ያን እሁድ ፓስተራችን ስለ መታዘዝ ሰበከ። መታዘዝ ማለት እግዚአብሔር ያለህን ዛሬውኑ ማድረግ ነው አለና «ወንድማችሁን የተጣላችሁ!» ብሎ ወደ እኔ አፈጠጠ። ምናልባት ሰዓት እያየ ይሆናል፤ የግድግዳው ሰዓት ከራሴ በላይ ነው የተሰቀለው። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ብድግ ብዬ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩና «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስላስታረቀኝ ጌታን አመሰግናለሁ፣ በእምነት!» አልኩ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ባለቤቴ ብቻ እልል አላለችም።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በሠርጌ ቀን ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ሙሽሮቹን የሚመርቀውም እሱ ነበር። ፕሮግራም መሪው ግን ሰዓት ሄደ ብሎ ምርቃቱን ዘለለው። ወንድሜ ኬኩ ሳይቆረስ ተነስቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ወዳለው ቤቱ ሄደ። እኔ ደግሞ «ሙሽራ ፕሮግራም ይመራል እንዴ? ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብዬ ግግም አልኩ። ልጅ ስንወልድ አልጠራሁትም፤ እሱም አልመጣም። ልጄ አጎት እንዳላት ሳታውቅ አፍ ፈታች። ይሄ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

«በእምነት» ካሉ በኋላ ረጋ ብሎ መጠበቅ ነው፣ በእኔ ሐሳብ። የሴቶች ጸሎት ቡድን ግን መጠበቅ አይወድም። ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ባለው የቀለም ሱቄ ነጭ ቀለም ስበጠብጥ ስልኬ ጮኸ። ከሠርጉ ወዲህ ደውሎ የማያውቀው ወንድሜ ነው።

«እዚህ እናቶች መጥተዋል፣ ድፎ ዳቦ ይዘው» አለኝ። «እንኳን ታረቃችሁ ይሉኛል። መቼ ነው የታረቅነው?»

«ትናንት፣ ጋሼ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«በእምነት ነው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኋላው መዝሙር ይሰማል። «አልታረቅንም ልላቸው አፈርኩ» አለ። «በል ቶሎ ና፤ ብቻዬን እንዴት እታረቃለሁ?»

ባለቤቴንና ልጄን ይዤ በባጃጅ በረርኩ። ቀለሙ እጄ ላይ እንዳለ ነው። መንገድ ላይ የይቅርታ ንግግር አዘጋጀሁ፤ «ጥፋቱ የፕሮግራም መሪው ቢሆንም» ብሎ ይጀምራል። ባለቤቴ «እሱን ተወው» አለችኝ። እሱን ስተወው ምንም የቀረ ንግግር አልነበረም።

ግቢው ስንገባ ወንድሜ እናቶቹ መካከል ቆሟል፣ ያኔ ለሠርጌ የለበሰውን ኮት ለብሶ። ይሙቀው አይሙቀው እንጃ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ክርኔን ይዞ አቆመኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ቆይ፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥል» አለና ባለቤቴን ከጎኔ አቆማት። እናቶቹ መዝሙሩን አቋርጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መረቀን። ያኔ ያዘጋጀውን፣ በቃሉ ይዞት የኖረውን፣ ምንም ሳይቀንስ። ዛሬ በድንኳኑ ላይ ዝናብ እንዳይጥል ለመነ። ከሩቅ የመጡት እንግዶች በሰላም እንዲመለሱ ለመነ። ሚዜዎቹም በተራቸው ለዚህ ወግ እንዲበቁ ለመነ፤ ሁሉም አግብተው አንደኛው እንዲያውም መንታ ወልዷል። እናቶቹ ሁሉንም «አሜን» ይላሉ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ጌታ ሆይ፣ ልጅ ስጣቸው። እኔንም አሳቅፈኝ።»

የነከስኩትን ከንፈር ለቀቅኩት። ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም፤ እንባዬ ወረደ።

ልጄ የእናቷን ቀሚስ ለቃ ሄደችና የኮቱን ጫፍ ያዘች። «አሜን» አለች፣ ከሁሉም ጮክ ብላ። ወንድሜ ዓይኑን እንደጨፈነ ዝቅ አለ፣ በእጁ ዳብሶ ራሷን አገኘ፣ አቀፋት። ጸሎቱን መዝጋት ረሳ። ማንም አላስታወሰውም።