ከሸራው ጀርባ

ዑመር መካኒክ ሻይ ባዘዘ ቁጥር የአንዱ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ሆዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህን የማውቀው ሻዩን የምሸጠው እኔ ስለሆንኩ ነው። የእሱ ጋራዥና የኔ ሻይ ቤት ከሚሴ መንገድ ዳር በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ስመኝ እባላለሁ፤ የሰፈሩ ወሬም አያመልጠኝም።

ዑመር በጨፋ ሸለቆ ከቦርከና ወንዝ ውሃ ስበው ሽንኩርት የሚያጠጡ ገበሬዎችን ፓምፕ ሲጠግን ነው ጸጉሩ የሸበተው። ሙያው አይታማም፤ ልቡ ግን ማንንም አያምንም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቶፊቅ የሚባል ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረው። ቶፊቅ ሥራውን ሲችል ሰንበቴ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፈተና የዚያን ወገን ደንበኛ ጠራርጎ ወሰደ። ዑመር ከዚያ ወዲህ እጁን ማንም እንዳያይበት ጋራዡ ውስጥ ሸራ ሰቀለ።

ዘንድሮ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ሱዓድ የምትባል ተማሪ ለልምምድ ሲመድብለት ወገቡ ባያስቸግረው ኖሮ አይቀበላትም ነበር። ከተቀበላት ወዲህ ፓምፕ ታጥባለች፣ ብሎን ታቀብላለች። ዋናው ሥራ ላይ ሲደርስ ግን «ሱዓድ፣ ሻይ!» ይላል፤ ሸራው ይወርዳል። እሷ የኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሸራውን ስታይ ታሳዝነኛለች። ለመማር የመጣች ልጅ ሻይ ስታመላልስ መክረሟ ያናድደኝ ነበር፤ ነገር ግን ሻዬም እየተሸጠ ስለሆነ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ዑመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስመኝ፣ ሱዓድ ስልክ የምታወራው ከማን ጋር ነው?» አለኝ።

«ከእናቷ ጋር።»

«እናቷ የት ነው ያለችው?»

«ሰንበቴ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ቶፊቅ ነው የላካት» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎን አያት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ኸይረዲን የሚባል የጨፋ ገበሬ ያስጠገነውን ፓምፕ በባጃጅ ጭኖ ተመለሰ። አንድ ጎረቤቱም አብሮት ነበር። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ያ ዑመር! ፓምፑ ሞተ፤ ሽንኩርቴ እየደረቀ ነው። ውሃ የሚገፋውን ክንፍ አውጥተህ አሮጌ ከተትክበት!»

«ወላሂ አልቀየርኩትም! አጽድቼ መለስኩት እንጂ።»

«ታዲያ ሸራው ምንድን ነው? ጨፋ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሸራህ ነው። ስለጠረጠርኩህ ነው መጀመሪያውኑ ክንፉ ላይ በምስማር ምልክት አድርጌ ያመጣሁልህ።»

ሰው ተሰበሰበ። ዑመርን ላብ አጠመቀው። መካኒክ ዕቃ ይቀይራል ከተባለ ጋራዡን መዝጋት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሱዓድ ዞረና «እሷን ጠይቃት! እዚሁ ነበረች!» አለ።

አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር። ሱዓድ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«አላየሁም» አለች። «ሻይ ተልኬ ነበር።»

ደሜ ፈላ። ይኸውና የቶፊቅ ሥራ፣ አልኩ በሆዴ።

«ግን እዚሁ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ይከፈት» አለች ቀጥላ።

ዑመር መፍቻውን ሊያነሳ ሲል ኸይረዲን እጁን ያዘው። «አንተ አትንካው። እሷ ትክፈተው።»

እሷ ደግሞ ፓምፕ ከፍታ አታውቅም። እናም ዑመር ወራቱን ሙሉ የደበቀባትን ሁሉ በሰው ፊት በገዛ አፉ ይነግራት ጀመር። «ከታች ጀምሪ። አታስገድጂው። ቀስ፣ ጎማዋ እንዳትቀደድ። አሁን ሳቢው።» መጀመሪያ ቃሉ ከአፉ በግድ ነበር የሚወጣው። ኋላ ሰውን ረሳና ጎንበስ ብሎ በጣቱ እያሳየ ያስረዳት ያዘ።

ክንፉ ወጣ። ሱዓድ ስትጠርገው የምስማሩ ምልክት ቁልጭ ብሎ ታየ። መሃሉ ግን በወንዝ አሸዋ ተወትፏል።

«የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ተቀዷል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ኸይረዲን አቀረቀረ። ጎረቤቱ ግን «ተቀዷል። እኔም ነግሬው ነበር» አለ።

«አፉ በለኝ፣ ያ ዑመር» ብሎ ኸይረዲን ይቅርታ ጠየቀ።

በማግስቱ ሌላ ፓምፕ መጣ። ዑመር «ኮቱ፣ ሱዓድ» ብሎ ወደ እሱ ሲጠራት ሰማሁ፤ ሸራው አልወረደም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሁለት ሻይ ሊያዝ መጣ። ዓይኑ ግን ከሱዓድ እጅ ላይ አልተነሳም።

«ቶፊቅ ልኳት ቢሆንስ?» አልኩት ልነካካው ብዬ።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን ቶፊቅ ከሄደ ወዲህ ሥራዬን እያየ ሌባ አለመሆኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም፣ ስመኝ።»

ሁለቱን ብርጭቆ ይዞ ሄደ። ወገቡ አስቸግሮት የሻዩን ግማሽ መንገድ ላይ ደፋው።